የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ለመሆን፦ ከፍሬሽማን ክፍል እስከ ሰንዳፋ ኮሮኮንች

ጥር 2005 መጨረሻ፣ ቦስተን። ቀነኒሳ በቀለ በቤት ውስጥ የ3,000 ሜትር ውድድር ላይ የመጨረሻው ዙር የደረሰ መስሎት ቀድሞ ፈተለከ፤ ለካ ሩጫው ገና አላለቀም ነበር። አየርላንዳዊው አሊስተር ክራግ አልፎት ገባ። ዙር መቁጠር ለቀነኒሳ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ እሷም ሯጭ የነበረችውን እጮኛውን አብረው ልምምድ ላይ ሳሉ ሞት በድንገት ነጥቆታል። በመጋቢት ደግሞ ፈረንሳይ ሄዶ የዓለም አገር አቋራጭን አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ።

በእነዚያ ሁለት ወር ተኩል ውስጥ በልቡ የነበረውን እሱ ያውቀዋል፤ መገመቱ የእኛ ድርሻ አይደለም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን ጥያቄ ሌላ ነው። እንዲህ ካለ ሯጭ አጠገብ «የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ» ብሎ የሚቀመጥ ሰው ምን ማወቅ አለበት? ሐዘንን ማወቅ አለበት፤ መቼ ሐዘን ብቻ እንደሆነ፣ መቼ ወደ ሕመም እንደሚሻገር። የቤት ውስጥ መሮጫው ዙር 200 ሜትር መሆኑን፣ 3,000 ሜትር ማለት 15 ዙር መሆኑን፣ ደወሉ መቼ እንደሚደወልም ማወቅ አለበት። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ወይ አልቃሽ ወይ አጨብጫቢ ሆኖ ይቀራል።

ሙያው ሁለት እግር አለው ማለት ነው፤ ሥነ ልቦናና ስፖርት። የሥልጠናው ውጣ ውረድ ሁሉ የሚመጣው ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ለማቆም ሲሞከር ነው። ከዚህ በታች የማስቀምጠው መንገድ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ተማሪ የተጻፈ ነው፤ ውጭ አገር ላላችሁም የሚሆን አለበት። ዓመቶቹ፣ ዓ.ም ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከዲግሪው በፊት ስሙን ምረጡ

በአማርኛ ሁሉንም «ሳይኮሎጂስት» ብለን እንጠራለን። በሥራው ዓለም ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች አሉ።

አንደኛው ፈቃድ ያለው ሳይኮሎጂስት ነው። ሕመምን መርምሮ ስም ይሰጣል፣ ያክማል፤ ደንበኞቹ አትሌቶች መሆናቸው ነው የሚለየው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ስም ለመያዝ በአብዛኛው የዶክትሬት ዲግሪ፣ በክትትል ሥር የተሠራ ረጅም የልምምድ ሰዓት፣ ኢፒፒፒ የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ማለፍና የግዛቱን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ፈቃድ ሳይኖራችሁ ቢዝነስ ካርድ ላይ «ስፖርት ሳይኮሎጂስት» ብላችሁ ብታሳትሙ ሕግ ተላልፋችኋል። እንግሊዝ ውስጥም «የስፖርትና የአካል ብቃት ሳይኮሎጂስት» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ኤችሲፒሲ የተባለው የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው አይጠራበትም። እስራኤልም ከ1977 ጀምሮ የሳይኮሎጂስቶች ሕግ አላት።

ሁለተኛው የአእምሮ ብቃት አማካሪ ነው። ሕመም አያክምም። ትኩረትን፣ ግብ አያያዝን፣ የውድድር ዋዜማ ፍርሃትን፣ ከጉዳት የመመለስ ትዕግሥትን ያሠለጥናል። በዚህ ዘርፍ ዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው ምስክር ወረቀት ሲኤምፒሲ ነው፤ የሚሰጠው በ1985 የተቋቋመው የአሜሪካው የተግባራዊ ስፖርት ሥነ ልቦና ማህበር፣ በምህጻሩ ኤኤኤስፒ ነው።

ሦስተኛው መምህሩ ወይም አሰልጣኙ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ይመራመራል፣ ወይም ቡድኑን ሲያሰለጥን እውቀቱን ይጠቀምበታል።

ብዙ ወጣቶች «የት ልማር?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔ መልሼ «ማን ልትሆን?» እላለሁ። መልሱ ከታወቀ ትምህርት ቤቱ ራሱ ይገኛል። አክሞ መኖር የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓመት ስፖርት ሳይንስ ማስተርስ ላይ ቢያጠፋ ቆይቶ ይቆጨዋል፤ ክለብ ውስጥ መዋል የሚፈልግ ደግሞ ለዶክትሬት ሰባት ዓመት መክፈል የለበትም።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያ ዲግሪ

ፍሬሽማን ላይ ጄኔራል ሳይኮሎጂን ሁሉም ይወስዳል። አብዛኛው ተማሪ ለውጤት ብቻ አጥንቶት ያልፋል፤ እናንተ ግን ትምህርቱን ትወዱት እንደሆነና እንዳልሆነ የምትፈትኑበት ነጻ ዕድል ነው። ስለ ትውስታና ስለ ስሜት የሚያወሩት ምዕራፎች ካሰለቿችሁ ጥሩ ምልክት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ምርጫው ሥነ ልቦና ወይስ ስፖርት ሳይንስ ነው። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ሥነ ልቦናን አስቀድሙ። ምክንያቱ የስፖርቱ ትምህርት ማነሱ አይደለም፤ የበሩ ጉዳይ ነው። ስፖርትን ከጎን በኮርስ፣ በአሰልጣኝነት ሥልጠና፣ ሜዳ ላይ በመዋል መሙላት ይቻላል። የሥነ ልቦና መሠረት የሌለው ሰው ግን የፈቃድ በሮች ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ይመለሳል። እንግሊዝን ብንወስድ፣ የብሪታንያ የሥነ ልቦና ማህበር መጀመሪያ የሚጠይቀው በሥነ ልቦና በቂ መሠረት መኖሩን ነው፤ የሌለው ማሟያ ዲግሪ ተምሮ ይመለሳል። ስፖርት ሳይንስ ጨርሳችሁ ከሆነ ይህን የምታነቡት፣ አትደንግጡ። የምክር አገልግሎት ወይም ካውንስሊንግ ማስተርስ መግቢያ ሁኔታን ከትምህርት ክፍሉ በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የጎደላችሁን ኮርስ ወስዳችሁ የምትገቡበት መንገድ ሊኖር ይችላል።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ማንም የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ፦ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር አስቀምጡ። መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያድለውን፣ የምዕራፎቹን ርዕስና የክሬዲቱን መጠን የያዘውን ወረቀት ማለቴ ነው። ከዓመታት በኋላ ለውጭ ምስክር ወረቀት ስታመለክቱ «ስታቲስቲክስ ተምሬአለሁ» ማለት አይበቃም፤ ምን እንደተማራችሁ ይጠየቃል። ትራንስክሪፕት ላይ ያለው የኮርስ ስም ብቻውን አይናገርም። እኔ ይህን ስላላወቅሁ ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሼ የአንድ ኮርስ ዝርዝር ፍለጋ ሦስት ቀን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቻለሁ። ያስተማሩኝ መምህር ጡረታ ወጥተው፣ ፋይሉ ደግሞ ሲበላሽ በተቀየረ ኮምፒውተር ውስጥ ቀርቶ ነበር። ስልካችሁ ካሜራ አለው፤ ፎቶ አንስታችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡት።

የመመረቂያ ጥናታችሁን ርዕስ ከስፖርት ምረጡ። ሰፊ አታድርጉት። «የስነ ልቦና ዝግጅት በኢትዮጵያ አትሌቶች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ አማካሪያችሁን ያስደስት ይሆናል፤ እናንተን ግን ይገድላችኋል። «በአንድ ክለብ ያሉ ታዳጊ ሯጮች ከውድድር በፊት ባለው ሌሊት እንዴት ይተኛሉ» የሚል ጥያቄ ይበልጣል፤ በሦስት ወር ያልቃል፣ አዲስ ነገርም ያሳውቃል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ያለውን የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 ከመቶ ስለሆነ አትናቁትም አትፍሩትም።

ደረጃ 3፦ ሜዳው ላይ አንድ ዓመት

ይህን ደረጃ ዝለሉ የሚላችሁ ሰው ቢኖር አትስሙት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ ወይም የቡድን ሰርቪስ የሚነሳበት ቦታ ተገኙ። ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ እንጦጦ ውጡ። መጀመሪያ ሰሞን ሥራችሁ ጃኬት መያዝ፣ ውሃ ማቀበል፣ ሰዓት መያዝ ይሁን። ምክር አትስጡ።

የምትማሩት መጀመሪያ ቋንቋውን ነው። ሯጩ «ኮንዲሽን የለኝም» ሲል ስለ ሳንባው ብቻ አይደለም የሚያወራው፤ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ሞራሉን፣ ዕድሉን ሁሉ በአንዲት ቃል ጠቅልሎ ነው። ሚኒማ፣ አሯሯጭ፣ ኢዚ፣ ፋርትሌክ፣ ማናጀር፣ ፕራይዝ፤ እነዚህን በስማቸው ካልጠራችሁ «ይሄ ከቢሮ ነው የመጣው» ይባላል። ቢባልም እውነት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የአብሮነቱ ነገር ነው። እኛ አገር ሩጫ የቡድን ሥራ ነው። ከፊት ያለው ይመራል፣ የኋለኛው እግሩን ይዞ ይከተላል፤ ተራ በተራ ይቀያየራሉ። ለብቻው የሚሮጥ ሰው በጥርጣሬ ይታያል፤ «ምን ደብቆ ነው?» ይባላል። የስፖርት ሥነ ልቦና ግን አብዛኛው የተጻፈው ለብቻ ለሚለማመድ፣ የግል ማስታወሻ ለሚይዝ፣ «የእኔ ግብ» ለሚል አትሌት ነው። ሳይንሱ ሲጀመር ግን እንዲህ አልነበረም፤ በ1898 ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ ተመራማሪ ኢንዲያና ውስጥ የመረመረው ጥያቄ ብስክሌተኞች ከሌላ ሰው ጋር ሲጋልቡ ለምን እንደሚፈጥኑ መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የሰንዳፋ ሯጮች መልሱን ሳይጠየቁ ይነግሩት ነበር።

በዚህ ዓመት የአሰልጣኝነት የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጠና ውሰዱ፤ አትሌቲክስ ከሆነ የዓለም አትሌቲክስ ደረጃ 1፣ እግር ኳስ ከሆነ የካፍ ዲ ላይሰንስ። አሰልጣኝ ለመሆን አይደለም፤ አሰልጣኙ ከምን ጭንቅ ጋር እንደሚኖር ለማወቅ ነው። አፋን ኦሮሞ የማትችሉም ጀምሩ። ከበቆጂ ወይም ከአሰላ የመጣች የ17 ዓመት ልጅ በአማርኛ ትመልስላችኋለች፤ የምትፈራው ግን በኦሮምኛ ነው።

ደረጃ 4፦ ማስተርስ፣ በሦስት በር

የቅርቡ በር አገር ውስጥ ያለው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች በሚሰጡት የክሊኒካል ወይም የካውንስሊንግ ሥነ ልቦና ማስተርስ ገብታችሁ፣ ጥናታችሁንና የተግባር ልምምዳችሁን ወደ ስፖርት መሳብ ነው። ለብዙ ሰው ትክክለኛው በር ይሄ ይመስለኛል። ሕመምን ከሕመም ያልሆነ ጭንቀት መለየት የምትማሩት በዚህ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ የሠራ ሰው ክለብ ውስጥ አይሸበርም።

ሁለተኛው አውሮፓ ነው። የፊንላንዱ ዩቫስኩላ፣ የጀርመኑ ላይፕዚግና የግሪኩ ተሳሊ ዩኒቨርሲቲዎች የተሳተፉበት የሁለት ዓመት፣ 120 ክሬዲት የአውሮፓ የስፖርትና የአካል እንቅስቃሴ ሥነ ልቦና ማስተርስ አለ። ስታመለክቱ በዚያ ዓመት የኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ የተመደበለት መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ከሌለ ወጪውን ቁጭ ብላችሁ አስሉ። እንግሊዝ ማስተርሱ አንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቢያንስ ሁለት ዓመት በክትትል ሥር የሚሠራ፣ «ስቴጅ 2» የሚባል የተግባር ሥልጠና ይከተላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአንድ ዓመቱን ክፍያ ብቻ አስቦ በመሄድ ነው።

ሦስተኛው አሜሪካ ነው። ማሳቹሴትስ ያለው ስፕሪንግፊልድ ኮሌጅ፣ ዌስት ቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ስም ያላቸው ናቸው። ማመልከቻ ላይ የምትጠይቁት ዋና ጥያቄ «ተማሪዎቻችሁ በክትትል ሥር ስንት ሰዓት ከአትሌት ጋር ይሠራሉ?» የሚለው ይሁን። ካምፓሱ ስንት ዛፍ እንዳለው ድረ ገጹ ይነግራችኋል፤ ይህን ግን ጠይቃችሁ ነው የምታገኙት። ከማስተማር ወይም ከምርምር ረዳትነት ጋር የሚመጣ ከክፍያ ነጻ የመማር ዕድል ካለ ስለሱም በግልጽ ጠይቁ፤ ነውር አይደለም።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱ

ከሁሉም በላይ የምቆምበት እዚህ ነው። ባለሙያ የሚያደርገው ዲግሪው አይደለም፤ በሚያይ ዓይን ሥር የተሠራው ሰዓት ነው።

የሲኤምፒሲን መመዘኛ እንደ ልክ እንውሰደው። ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ይጠይቃል። በስምንት ዘርፎች ትምህርት መወሰድ አለበት፦ የሙያ ሥነ ምግባር፣ የስፖርት ሥነ ልቦና፣ የስፖርት ሳይንስ፣ የአእምሮ ሕመም፣ የረዳትነት ግንኙነት፣ የምርምር ዘዴና ስታቲስቲክስ፣ የባሕርይ ሥነ ልቦናዊ መሠረት፣ እንዲሁም ብዝኃነትና ባህል። ከዚያ 400 ሰዓት በአማካሪ ክትትል የተሠራ ሥራ፤ ከዚህ ቢያንስ 200ው ከአትሌት ጋር ፊት ለፊት የተሠራ፣ ቢያንስ 40ው ደግሞ ከአማካሪው ጋር ስለ ሥራችሁ የተነጋገራችሁበት። በመጨረሻ ፈተና። ካለፋችሁ በኋላም በየአምስት ዓመቱ 75 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት አስመዝግባችሁ ታድሳላችሁ። አማካሪው ማህበሩ የሚቀበለው ሰው መሆን ስላለበት፣ አንድ ሰዓት እንኳ ከመቁጠራችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ያልተፈቀደ አማካሪ ሥር የተሠራ ሰዓት ልምድ ይሆናችኋል እንጂ አይቆጠርም።

ሲኤምፒሲን የማትፈልጉም ብትሆኑ ቁጥሩን ተዋሱት። 200 ሰዓት ማለት በሳምንት አራት ሰዓት ቢሠራ አንድ ዓመት ነው። ደብተር ያዙ፤ ቀን፣ የፈጀው ደቂቃ፣ አትሌቱን የማይገልጽ ምልክት፣ የተነሳው ጉዳይ፣ እናንተ ያደረጋችሁት፣ ያልገባችሁ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ሆኖ የሚያልፍ ሳምንት ካለ ራሳችሁን እያታለላችሁ ነው።

ለምን እንዲህ እንደማጠብቅ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ የ1,500 ሜትር ሯጭ ነበረች። በመጨረሻው 300 ሜትር ላይ ትቀራለች። ስለ ምናባዊ ልምምድ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፤ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ መሙን እዪ፣ ራስሽን ስታሸንፊ እዪ። «እሺ» አለች። «ገባሽ?» «አዎ፣ ገባኝ።» ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በፈቃዷ የቀዳሁትን ድምፅ አማካሪዬ ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ እሷ ስንት ጊዜ ተናገረች?» ቆጠርኩት። ከ40 ደቂቃ ውስጥ 31ዱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። «እሺ ያለችህ ለምክርህ አይደለም፣ ለዕድሜህ ነው» አሉኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቄ ዝም አልኩ፦ «ባለፈው ውድድር 300 ሜትር ሲቀር ምን ታየሽ?» ረጅም ዝምታ ሆነ። ዝምታው ለእኔ ከሷ ይልቅ ከበደኝ። ከዚያ «ጫማዋን» አለች። «የፊተኛዋን ጫማ። ሲርቅ አየሁት።»

ነገሩ ሁሉ እዚያ ነበር። በየቀኑ ልምምድ ላይ «የፊተኛዋን እግር ያዢ» ተብላ ነው ያደገችው። ኮሮኮንቹ ላይ ያ ምክር ወርቅ ነው። ውድድር ላይ ግን የፊተኛዋ ስትሄድ ልቧም አብሮ ይሄዳል፤ ትኩረቷ የተንጠለጠለበት ነገር ሮጦ አመለጠ። ያደረግነው ነገር ቀላል ነበር፤ እስከ 300 ድረስ እግር፣ ከ300 በኋላ የራስሽ እጅ። ለራሷ የምትለውን ቃል እሷ መረጠች፤ በኦሮምኛ «ሐርካ» አለችው፣ እጅ ማለት ነው። ልምምድ ላይ ስድስት ሳምንት ደጋገምነው። ሞርጋንና ፖሎክ በ1977 ባወጡት ጥናት ምርጥ ማራቶናውያን አሳባቸውን ከመበተን ይልቅ የራሳቸውን ትንፋሽና እግር እንደሚከታተሉ አሳይተው ነበር። ይህን ጥናት ከዚያ ቀን በፊት አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ደረጃ 6፦ መጠይቅና ቃላት

አጭር ማስጠንቀቂያ። ከኢንተርኔት መጠይቅ አውርዳችሁ፣ ማታ ተርጉማችሁ፣ ጠዋት አታስሞሉ። «ጭንቀት» የሚለው ቃላችን በሌላ ቋንቋ ሦስት ቃል የሚያስፈልገውን ሁሉ ይሸከማል። «ድብርት» ደግሞ ሕመም ነው፤ ሯጩ ግን «ዛሬ ደብሮኛል» የሚለው ካምፑ ቲቪ ስለሌለው ሊሆን ይችላል። መጠይቅ ከተረጎማችሁ ሌላ ሰው መልሶ ወደ ነበረበት ቋንቋ ይተርጉመው፤ ሁለቱን አስተያዩ፤ ከዚያ ከአምስት ስድስት አትሌት ጋር ቁጭ ብላችሁ «ይሄ ጥያቄ ምን ማለት መሰለህ?» በሉ። ትስቃላችሁ፤ ትማራላችሁም።

ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ ለሆነ አትሌቶች የሚሆን የአእምሮ ጤና መመዘኛ መሣሪያ አዘጋጅቷል፤ ስሙ ኤስኤምኤችኤቲ-1 ነው። የመጀመሪያው ማጣሪያ አሥር ጥያቄ ብቻ ነው። ቀጣዮቹን ደረጃዎች ግን የጤና ባለሙያ ሳይኖር አትግቡባቸው።

ደረጃ 7፦ ደንበኛው ማን ነው?

ክለቡ ይከፍላል፣ አሰልጣኙ ያመጣል፣ ማናጀሩ ይደውላል፣ አትሌቷ ትናገራለች። የማን ናችሁ? በመጀመሪያው ቀን፣ አሰልጣኙም አትሌቷም ባሉበት፣ ምን ምስጢር እንደሆነ ምን እንዳልሆነ ተናገሩ። ካልተናገራችሁ አሰልጣኙ ከሦስት ቀን በኋላ ቡና ይጋብዛችሁና «እንዲያው በኛ መሀል፣ ልጅቷ ምን አለችህ?» ይላችኋል። ክፋት የለበትም፤ እንደ ልጁ ስለሚያያት ነው። እናንተ ግን ያን ጊዜ መልስ መፍጠር ከጀመራችሁ ረፍዷል።

ሁለት ነገሮች ምስጢር ሆነው አይቀሩም፤ ራስን ወይም ሌላን የመጉዳት አደጋ፣ እና በልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃት። ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ወደ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም አቅራቢያ ወዳለ የአእምሮ ጤና ክፍል አብራችሁ ሂዱ፤ «ሂጂ» ብላችሁ አትሸኙ። አበረታች ቅመም ጉዳይም አስቀድሞ መነገር አለበት፤ የዶፒንግ ደንብ አትሌቱን ብቻ ሳይሆን የሚደግፉትንም ሰዎች ይይዛል።

ጸበሉስ? ብዙ አትሌቶች ሽንፈት ሲደጋገም መተት ነው ብለው ያምናሉ፤ ጸበል ይገባሉ። ወጣት ባለሙያዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ጸበሉ ቦታ ምግብና እንቅልፍሽ እንዴት ነው? የታዘዘልሽ መድኃኒት ካለ አቁመሻል? ከዚያ ያለፈው የእምነቷ ነው። ከእሷ እምነት ጋር ተጣልቶ ያሸነፈ ባለሙያ አላየሁም።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ሥራ

እውነቱን ለመናገር፣ «የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ እየጠበቃችሁ አትቀመጡ። የምትጀምሩት በግማሽ ቀን ነው፤ ግማሹን ዩኒቨርሲቲ ወይም ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ፣ ግማሹን ክለብ ወይም አካዳሚ። ለክለቡ «አእምሮን አሠለጥናለሁ» ማለት ምንም አይነግረውም። የሚገባው ነገር ይዛችሁ ሂዱ።

ለምሳሌ ተጠባባቂው። ፓሪስ 2024 ላይ ታምራት ቶላ ለማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ገባ፤ በ2፡06፡26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይዞ ወርቅ ወሰደ። እሱ እንዴት ራሱን እንዳዘጋጀ እሱ ይናገር። ለክለባችሁ ግን ጥያቄው አለ፦ ቡድናችሁ ውስጥ ስንት ተጠባባቂ አለ? በየሳምንቱ ማን ያናግራቸዋል? ወይም የመውደቅ ነገር፤ ለተሰንበት ግደይ በየካቲት 2023 ባትረስት፣ አውስትራሊያ፣ የዓለም አገር አቋራጩን ስትመራ ቆይታ ሜትሮች ሲቀሩ ወደቀች። በካምፕ ውስጥ አንድ ሯጭ እንዲህ ቢደርስበት የዚያን ማታ ማን አብሮት ይቀመጣል፣ ምን ይለዋል፣ ምን አይለውም? ይህን በሁለት ገጽ ጽፎ የሚያቀርብ ሰው ከዲግሪው በፊት ይደመጣል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ዕድል በእጃችሁ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በጁላይ 4 ሰሞን ውድድር ያዘጋጃል፤ በየከተማው ቡድን አለ፤ የቡድኖቹ ልጆች ሁለተኛ ትውልድ ናቸው፣ አባታቸው ጎን ቆሞ ይጮህባቸዋል። ለሰዓት ማሟያ ከዚህ የተሻለ ሜዳ አላውቅም። ፈቃድ ያለው ሳይኮሎጂስት ከሆናችሁ ግን ፈቃዱ የግዛት መሆኑን አትርሱ፤ ሜሪላንድ ቁጭ ብላችሁ ሌላ ግዛት ያለን ሰው በቪዲዮ ለማከም ያ ግዛት መፍቀዱን አጣሩ።

ለአሰልጣኝ የምትጽፉት ደብዳቤ ከዚህ አይርዘም፦

«ለክቡር አሰልጣኝ፣ በሥነ ልቦና ማስተርሴን እየጨረስኩ ነው። ከጉዳት እየተመለሱ ካሉ አትሌቶችዎ ሁለቱን፣ እነሱም እርስዎም ከፈቀዳችሁ፣ ለስምንት ሳምንት በሳምንት አንድ ጊዜ በነጻ ባገኛቸው ደስ ይለኛል። ሥራዬን የሚከታተሉኝ አማካሪ አሉ። አትሌቶቹ የሚነግሩኝ በእኔ ዘንድ ይቀራል፤ በየሁለት ሳምንቱ ግን ስለ አካሄዱ ለእርስዎ በጥቅሉ እነግራለሁ። ካልጠቀመ ያቁሙኝ።»

ደብዳቤውን በኢሜይል አትላኩት። አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማሟሟቂያ ላይ ሳይሆን ልምምዱ አልቆ፣ አሰልጣኙ የሰዓት መያዣውን ኪሱ ከከተተ በኋላ፣ ሻይ ሲታዘዝ።